ጭድና ድርቆሽ ለቤት አገልግሎት፦ የግብርና ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ጎጃም የጤፍ አገር ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ አውድማው ሁሉ ጭድ በጭድ ይሆናል። አብዛኛው ለከብት ይከመራል፤ መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው። የትምህርት ቤታችን የግብርና ክበብ አባላት ግን ዘንድሮ ከክምሩ ጥቂት እየወሰዱ ለቤት ምን ምን እንደሚሆን ሲሞክሩ ከረሙ።

መጀመሪያ አያቶቻችሁን ጠይቁ አልኳቸው። ብዙ ይዘው መጡ። እንቁላል ገበያ ሲወሰድ እንዳይሰበር ጭድ መሃል ይደረደራል። ለታቃፊ ዶሮ ጭድ ይነጠፍላታል። የጎታው ጭቃም ያለ ጭድ አይሆንም። ልጆቹ ይህን ሁሉ ሲያዩ ነው ያደጉት፤ ለጓደኞቻቸው ሲያስረዱ ግን ዓይናቸው ይበራ ነበር።

ጥር ላይ የትምህርት ቤቱን የዶሮ ቤት መረግን። ያሠሩን አንድ የሰፈር አባት ናቸው። አፈሩ ተቆፈረ፣ ውሃ ጠጣ፣ ጭድ ተበተነበት፣ ከዚያ በእግር ተረገጠ። በማግስቱም ውሃ፣ ጭድ፣ ርግጫ። ጭቃው መሽተት ሲጀምር «አሁን በስሏል» አሉን። ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ስለሚይዘው ሲደርቅ እንደልቡ አይሰነጠቅም። ሳይበስል የተመረገ ግን አያዛልቅም።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ያለ እሳት የሚያበስለውን ሳጥን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ካርቶን ወይም ቅርጫት ይዘጋጃል። ከታችም ከጎንም ድርቆሽ፣ ማለትም የደረቀ ሣር፣ ተጠቅጥቆ መሃሉ በድስቱ ልክ ክፍት ይተዋል። ድርቆሽ የሞላ ትንሽ ትራስም ይሰፋል። ክክ ወጡ እሳት ላይ በደንብ ይንተከተክና ከነክዳኑ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፤ ትራሱ ከላይ ይጫንበታል። በድርቆሹ መሃል የተያዘው አየር ሙቀቱን ስለማያስወጣው ክኩ ሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ራሱን ችሎ ይበስላል። ድስቱ ሙሉ ይሁን፤ ትንሽ ወጥ ቶሎ ይቀዘቅዛል። በየመሃሉ ከፍቶ ማየት የለም። ሲወጣ ለብ ብሎ ከተገኘ እንደገና ይፍላ። ሳጥኑ ደግሞ ከምድጃ ይራቅ፤ ድርቆሽ እሳት ለመያዝ ጊዜ አይፈጅበትም።

አንዲት አባላችን ቤቷ ሠርታዋለች። እናቷ አሁን ወጡን ሳጥኑ ውስጥ አስገብተው ገበያ ይሄዳሉ። እንጨት ለቀማ በአብዛኛው የሴት ልጆች ሥራ በሆነበት አገር አንድ ሸክም እንኳ ከቀነሰ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጎመን መደቡ ላይ ከብት የተወውን ጭድ አለበስን። አፈሩ እርጥበቱን ይዞ ስለሚቆይ ውሃ ማጠጣቱ ቀለለ። ምስጥ ባለበት ግን ጭዱ ከግንዱ ፈቀቅ ይበል።

የጭድ መኖ በዩሪያ ማሻሻልንም የግብርና ባለሙያ አሳይተውናል። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ገደማ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ተሟሙቶ ይረጫል፤ ከዚያ በላስቲክ ታፍኖ 3 ሳምንት ይቆያል። ከመመገቡ በፊት ይናፈሳል፤ ለትንንሽ ጥጆች አይሰጥም። ዩሪያ በዝቶ ከተበላ ከብት ስለሚገድል ተማሪ እንዲነካው አልፈቀድኩም፣ ወደፊትም አልፈቅድም።

ለመጪው ዓመት ሳጥኑን ለመምህራን ክበብ ምሳ ልንሠራ አስበናል። ወላጆች በውቂያ ሰሞን አንዳንድ ጆንያ ጭድ ብትልኩልን ይበቃናል።