ስልክሽን ያላነሳሁት በዚያ ኮምፒውተር ምክንያት ነው

እህቴ፣ እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? አዳማ ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል?

ሁለት ዓመት ሙሉ ስትደውዪ እያየሁ አላነሳሁም። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አንቺን አፍሬ ነው። ባለፈው ሐሙስ ገበያ ወጥቼ እህትሽን እዚህ ጅማ መርካቶ በርበሬ ስትመርጥ አገኘኋት። ልጅሽ 7ኛ ክፍል መግባቱን፣ ላፕቶፕ ልትገዢለት ብር እያጠራቀምሽ መሆኑን ነገረችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ በተበላሁበት መንገድ አንቺም ስትበዪ ዝም ካልኩ ምኑን ወዳጅሽ ሆንኩ?

መስከረም 2016 ላይ ለልጄ ኮምፒውተር መግዣ ያበደርሽኝን ብር ታስታውሻለሽ። ያኔ አዲሱ የመማሪያ መጽሐፍ ለተማሪዎቹ በወረቀት አልደረሳቸውም ነበር። በቴሌግራም በሚላክ ፒዲኤፍ ነበር የሚያጠኑት፣ እሷም በእኔ ስልክ ገጹን በጣቷ እየጎተተች ሂሳብ ስትሠራ አምሽታ ዓይኗ ደም ይመስል ነበር። ብሩ እንደደረሰኝ ሳላድር ሄጄ ገዛሁ። ማንንም አልጠየቅኩም።

የገዛሁት ክሮምቡክ፣ በዊንዶውስ ሳይሆን በጎግል ሥርዓት የሚሠራ ላፕቶፕ ነበር። ትንሽ፣ ቀላል፣ ጭረት የሌለው፣ ዋጋውም ከጎኑ ካሉት በግማሽ ያነሰ። ሻጩ ሲከፍተው ቋንቋ ምረጡ የሚለው ገጽ መጣ። "እዚህ ኔት የለም፣ ቤት ገብተሽ ታስጀምሪዋለሽ" አለኝ። አመንኩት። ማታ ከስልኬ ኢንተርኔት ስሰጠው ይህ ዕቃ የአንድ ትምህርት ቤት ነው፣ በትምህርት ቤቱ ኢሜይል ግቡ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ውጭ አገር ያለ ትምህርት ቤት ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ኮምፒውተር የሚማር የጎረቤት ልጅ አለ፣ እሱ አይቶ አስረዳኝ። እዚያ ትምህርት ቤቶች ማሽኖቹን በስማቸው ያስመዘግባሉ፣ ሲያስወግዷቸው ምዝገባውን ካልሰረዙት ደግሞ አሥር ጊዜ ብታጠፊው፣ ከአዲስ ብታስጀምሪው፣ ኢንተርኔት በነካ ቁጥር ባለቤቱን ይጠይቃል። የሚፈታው ያ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ሻጩ ጋ ተመለስኩ። "እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት" ብሎ አሰናበተኝ።

ልጄ አላለቀሰችም። "ግድ የለም እማ፣ በስልክሽ ለምጄዋለሁ" አለችኝ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ላንቺስ ምን ልበልሽ? ስትደውዪ መጀመሪያ የምትጠይቂኝ ስለ ኮምፒውተሩ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ሳላነሳ፣ ነገ ሳላነሳ፣ ከዚያ በኋላ ማንሳቱ ራሱ ከበደኝ።

አሁን ግን የተማርኩትን ሁሉ ልንገርሽ። ነሐሴ 2017 እቁቡ ደረሰኝ። በዚህኛው ያን የጎረቤት ልጅ ይዤ፣ ልጄንም ይዤ ሄድኩ። አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ አይቼ ልቤ ሄዶ ነበር፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ የሚያምር። ልጁ ከለከለኝ። የእነዚያ ማስቀመጫቸው 64 ጊጋ ብቻ ነው፣ ዊንዶውስ ብቻውን ግማሹን ይበላዋል፣ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነም ሞላ ብለሽ አውጥተሽ አትቀይሪውም። በዚያው ብር ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ይሻላል አለኝ። ቲንክፓድ፣ ላቲትዩድ፣ ኤሊትቡክ የሚባሉት ናቸው። ውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ዓመት ሠርተውባቸው የሚያወጧቸው። ሲሠሩ ጀምሮ ብዙ ሰዓት ለሚነካካ፣ በቦርሳ ለሚዞር ሰው ተብለው ነው። ኪቦርዱ ቢያልቅ፣ ባትሪው ቢደክም መለዋወጫ ይገኛል። እኔ አሁን በዚህ ነገር አልከራከርም፣ ለልጅ ከሆነ የቢሮውን ያገለገለ ግዢ።

ግን ያገለገለ ሁሉ አንድ አይደለም። ፕሮሰሰሩ፣ ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል፣ የኢንቴል ኮር አይ 5 ነው ሲሉሽ በዚያ አትርኪ። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እይው። 6300 ካለ 6ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው፣ 8250 ካለ 8ኛ፣ 10210 ካለ 10ኛ። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ የሚቀበለው የኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ያለውም ይጫንበታል ይሉሻል፣ መጫኑስ ይጫናል፣ ግን በዋስትና አይደለም። ልጅሽ እስከ 12ኛ እንዲይዘው ከፈለግሽ ከ8 አትውረጂ። ራም፣ የተከፈተውን ሥራ የሚይዝበት ጊዜያዊ ማህደር፣ 8 ጊጋ ይሁን። 4 ከሆነ ሁለት ሦስት ነገር ሲከፍት ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዱ ስስ ሞዴል ላይ ደግሞ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፣ በኋላ እጨምርለታለሁ ብትዪ አይሆንም። ማስቀመጫው ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዓይነት ይሁን፣ 256 ጊጋ ይበቃዋል። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሆነ ቦርሳ ወርውሮ ለሚገባ ልጅ አይሆንም።

ባትሪው ላይ ግን ችክ በዪ። የጅማን መብራት ታውቂዋለሽ፣ ሰማዩ ገና ሲያጉረመርም ይሄዳል። "አራት ሰዓት ይይዛል" የሚለውን የሻጭ ቃል ተዪው። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፣ አንድ ትእዛዝ ጽፈሽ ነው፣ የጎረቤቱ ልጅ እዚያው ቆሞ አወጣው። ሪፖርቱ ላይ ባትሪው አዲስ ሲሆን ስንት ይይዝ እንደነበረና አሁን ሲሞላ ስንት እንደሚይዝ ጎን ለጎን ተጽፎ ታገኚዋለሽ። የእኛ 48,000 የነበረው 39,000 ነው፣ ደህና ነው። መጀመሪያ የያዝነው ግን ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር፣ ውጪው እንደ አዲስ እያብረቀረቀ። ወዲያው አስቀመጥነው።

ደግሞ እባክሽ ከስልክሽ ኢንተርኔት ሰጥተሽ ሱቁ ውስጥ ክፈቺው። ኔት የለም ካለሽ የራስሽን ዳታ አብሪ። አጥፍተሽ እንደገና አስነሺው፣ ገና ሲነሳ ፓስዎርድ ከጠየቀ ወይም የማታውቂውን መሥሪያ ቤት ስም ካወጣ ጥለሽው ውጪ። ቢለምኑሽም፣ ዋጋ ቢቀንሱልሽም።

ክብደቱን ልጅሽ ራሱ ይሸከመው። ላፕቶፑን ከመጻሕፍቷ ጋር ልጄ ቦርሳ ውስጥ ከተን ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አስኬድናት። 15 ኢንቹ ትከሻዋን ጎተታት። 13 ኢንቹን ስትይዝ ሳቀች። በክረምት ባጃጅ እስክታገኝ ዝናብ ስለሚመታት ውስጡን በወፍራም ላስቲክ እጠቀልልላታለሁ።

አሁን ምን ትሠራበታለች መሰለሽ! ጂኦጀብራ የሚባል ነፃ ነገር አለ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የሂሳቡን ቅርጽ እየጎተተች ማዕዘኑ ሲለወጥ ታየዋለች። ያ ጎረቤታችን ደግሞ ኪዊክስ በሚባል ያለ ኢንተርኔት በሚያስነብብ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን በፍላሽ አምጥቶ ጫነላት፣ ኔት ቢጠፋም ታነባለች። ስለ ኪቦርድ መልመዱም ቀላል ነገር አይምሰልሽ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል፣ የእኛዎቹ ሲደርሱ ማውስ ፍለጋ ላይ ሰዓት እንዲያልቅባቸው አልፈልግም።

ብሩን በተመለከተ። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የወሰድኩትን ቁጥር ብቻ ብመልስልሽ ያኔ የሚገዛልሽን አሁን አይገዛልሽም፣ ስለዚህ ጨምሬ ነው የምከፍልሽ፣ አይሆንም እንዳትዪኝ። ግማሹን ዛሬ ጠዋት በቴሌብር ልኬልሻለሁ። የቀረውን ለገና።

ሱቅ የምትሄጂ ቀን ደውዪልኝ፣ በቪዲዮ። የጎረቤቱን ልጅ አስቀምጬ ቁጥሩንም ባትሪውንም አብረን እናየዋለን። ሲከፈልም አብሬሽ ልሁን። ለትምህርት እረፍት ደግሞ ልጅሽን ይዘሽው ነይ፣ እኔና አንቺ በእግራችን ወደ ጅሬን የወጣንበትን ዳገት እናሳየው፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ።

ስትደውዪ አነሳለሁ።