ስለ እናታችን ሳንባ

ውድ ጓደኛዬ፣

ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስታና ኀፍረት አንድ ላይ ያዙኝ፤ ዝምታው ከእኔ ነበርና ይቅር በይኝ። እናታችን ሆዳቸው ተከፍቶ የሐሞት ከረጢታቸው ሊወጣ መሆኑን ነግረሽኝ፣ ሐኪሙ «ሳንባቸው እንዳይኮማተር እንጠነቀቃለን» ያለው ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀሽኛል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስነቴ ዘወትር የሚያጋጥመኝ ነገር ስለሆነ የማውቀውን ሳልቆጥብ እጽፍልሻለሁ።

ሕመሙ አቴሌክታሲስ ይባላል። በሳንባችን ውስጥ ካሉት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ከፊሎቹ አየር አጥተው ሲጨማደዱ፣ በዚያ በኩል የሚያልፈው ደም ኦክስጅን ሳያገኝ ይመለሳል። መንስኤው ብዙ ነው፤ የአየር ቧንቧን የሚዘጋ አክታ ወይም ዕጢ፣ ሕፃን ልጅ ትን ብሎት የገባ ፍሬ፣ ሳንባን ከውጭ የሚጫን ውሃ ወይም አየር ሊሆን ይችላል። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሳንባ የሚጨማደደው ደግሞ ከረጢቶቹን ከመጣበቅ የሚጠብቀው ሰርፋክታንት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚያንሳቸው መሆኑን ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሬ ሚድ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳይተዋል።

እናታችንን የሚያሰጋቸው ግን ማደንዘዣውና ተከታዮቹ ቀናት ናቸው። ሙሉ ማደንዘዣ ከሚወስዱ 10 ሰዎች በ9ኙ ገደማ የተወሰነ የሳንባ ክፍል ይኮማተራል፤ ጡንቻዎች ሲዝሉ የሆድ ዕቃ ድያፍራምን፣ ማለትም ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ወደ ላይ ገፍቶ የሳንባን ግርጌ ይጫነዋል። በዚያ ላይ በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ ደም ብዙም ስለማይገባ ከረጢቱን ደግፎ ይይዘው ነበር፤ ንጹሕ ኦክስጅን ብቻ ሲሰጥ ግን ደም ሙልጭ አድርጎ ይመጠውና ከረጢቱ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ ጥሩ የማደንዘዣ ባለሙያ ኦክስጅኑን ይመጥናል፤ ሳንባው ጨርሶ እንዳይከደንም በመሣሪያው ግፊት ይደግፈዋል። በአብዛኛው ሰው ላይ ችግሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል፤ የሚከፋው ቁስሉ እንዳያመው ፈርቶ በአጭር በአጭሩ በሚተነፍስና ሳሉን በሚውጥ ሕመምተኛ ላይ ነው።

አንድ ሌሊት የማልረሳው ስህተት ሠርቻለሁ። ሆዳቸው በቀዶ ሕክምና የተከፈተ አንድ አባት በጀርባቸው ተዘርግተው ተኝተው ነበር፤ አሳዘኑኝና ሳልቀሰቅሳቸው ተውኳቸው። ጎሕ ሲቀድ የደማቸው የኦክስጅን መጠን ወደ 86 በመቶ ወርዶ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ አገኘኋቸው። ኦክስጅን ሰጥተን፣ የሕመም ማስታገሻ ጨምረን አስቀመጥናቸው፤ ትራስ ቁስላቸው ላይ በሁለት እጃቸው አስደግፌ «አባባ፣ አሁን ከሆድዎ ይሳሉ» አልኳቸው። በአራተኛው ሳል እንደ ሙጫ የሚሳብ አክታ ወጣ፤ ሰዓት ሳይሞላ ቁጥሩ 93 ደረሰ።

ስለዚህ እንዲተኙ ብለሽ አታባብያቸው። በቂ ማስታገሻ መታዘዙን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ የሚያመው ሰው በረጅሙ አይተነፍስምና ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው። ራስጌያቸው ከፍ ይበል፤ ሐኪሙ ከፈቀደ በማግስቱ ይቀመጡ፣ ይራመዱም። ነቅተው ባሉበት በየሰዓቱ 10 ጊዜ በዝግታ በረጅሙ አየር ይሳቡና ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይያዙት፤ ዛሬውኑ አለማምጃቸው። ስፓይሮሜትር የሚባለው የመተንፈሻ መለማመጃ ብቻውን ከዚህ እንደሚበልጥ ጥናቶች አላረጋገጡም፤ ለማስታወሻነት ግን እወደዋለሁ።

ይህ ሁሉ ባይበቃ በጭንብል ግፊት ያለው አየር መስጠት፣ ፊዚዮቴራፒ፣ የተወተፈ አክታን በብሮንኮስኮፒ፣ ማለትም ወደ አየር ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ መምጠጥ አለ፤ መንስኤው ውሃ ከሆነ ውሃው ይቀዳል። ትኩሳት ቢመጣ ደግሞ «የሳንባው ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ፤ ይህ ለዘመናት ሲነገር የኖረ ነገር ቢሆንም ጠንካራ ማስረጃ የለውም፤ ሌላ መንስኤ ይፈለግ። ትንፋሻቸው ከፈጠነ ወይም ካጠራቸው ግን ደቂቃ ሳትቆዪ ባለሙያ ጥሪ።

ቀኑ እንደተቆረጠ ላኪብኝ። የመጀመሪያዋን ሌሊት እኔ አጠገባቸው አድራለሁ።

የአንቺው ጓደኛ