በብርዱም ውጭ እንሮጣለን፤ ደረቅ ካናቴራ ግን አይረሳ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ብርዱ ከገባ ወዲህ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁልኛል። ቢሮዬ ድረስ የመጣችሁም አላችሁ። ጥያቄያችሁ አንድ ነው፤ «በዚህ ብርድ ልጆቹን ሜዳ ላይ ማስሮጥ ለምን አስፈለገ? የስፖርት ክፍለ ጊዜው ክፍል ውስጥ ቢሆንስ?» ጥያቄው ከስስት የመጣ ነው። ስለዚህ በአንድ መስመር ማስታወቂያ ላልፈው አልፈለግሁም።

ስፖርቱ ውጭ ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል፤ ያውም የልብ ምትን ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ። በረደ ብለን ወንበር ላይ ካስቀመጥናቸው ወራት እንዲሁ ያልፋሉ። ጉንፋንን በተመለከተ ደግሞ፣ የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ደግሞ መስኮቱ በተዘጋና ልጆች በተፋፈጉበት ክፍል ውስጥ በቀላሉ ይተላለፋል።

ብርድ አይጎዳም እያልኩ አይደለም። ይጎዳል። የሚጎዳበት መንገድ ግን ብዙዎቻችን እንደምናስበው አይደለም። እኔም ያወቅሁት ተሳስቼ ነው።

ገና ወጣት የስፖርት መምህር ሳለሁ፣ አንድ በጣም ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ፣ አንድ ተማሪ ሁለት ሹራብና ወፍራም ጃኬት ደርቦ መጣ። «ጎበዝ፣ በደንብ ለብሰሃል» አልኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ኳስ ተጫወተ። ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ ተቀያሪ አድርጌ ዳር አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆይቼ ዞር ብል ጥርሱ ይንገጫገጫል። የጫማውን ክር ሊያስር ይሞክራል፤ ጣቶቹን ቆፈን ይዟቸው እምቢ አሉት። ጃኬቱን ስከፍተው ካናቴራው ቢጨመቅ ውሃ ይወጣው ነበር። ሞቅ ያለ ክፍል አስገብተን ደረቅ ልብስ ስናለብሰው ደህና ሆነ። ከሁሉም አብልጦ የለበሰው እሱ ነበር። ከሁሉም በላይ የበረደውም እሱ ነው።

ምክንያቱ ላቡ ነው። ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የሚወስደው ከአየር 25 እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ፍጥነት ነው። ልጅ ሲሮጥ ጡንቻው ብዙ ሙቀት ስለሚያመነጭ እርጥበቱ አይሰማውም። ቆም ሲል ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ርጥቡ ልብስ ግን ገላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አደጋው ያለው እዚያች ሰዓት ላይ ነው። ልጆች ደግሞ ሰውነታቸው ትንሽ ስለሆነ፣ ከክብደታቸው አንጻር ለብርድ የሚጋለጠው ቆዳቸው ሰፊ ነው። ከአዋቂ ቀድመው ይቀዘቅዛሉ። ለዚህ ነው መምህሮቻችንን «እናንተን ስላልበረዳችሁ ልጆቹን አልበረዳቸውም ማለት አይደለም» የምላቸው።

እንግዲህ የስፖርት ቀን ሲሆን ልጁን አትጀቡኑት። አንድ ወፍራም ልብስ ከሚለብስ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ቢደርብ ይሻላል፤ ሲሞቀው አንዱን ያወልቃል። ገላውን የሚነካው ከጥጥ ባይሆን እመርጣለሁ። ጥጥ ላቡን ይመጥና አይለቅም። ፖሊስተር ወይም ስስ ሱፍ ይሻላል። ከላዩ የሚያሞቅ ሹራብ፣ ከዚያ ንፋስና ዝናብ የሚከለክል ስስ ጃኬት። ሜዳ ሲወጣ ትንሽ ብርድ ብርድ ቢለው አትደንግጡ። ሩጫው ሲጀመር ይሞቀዋል። ገና ሳይሮጥ የሞቀው ልጅ ነው በኋላ የሚቸገረው።

ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፤ ቦርሳው ውስጥ ደረቅ ካናቴራና ደረቅ ካልሲ በፌስታል አድርጋችሁ ላኩ። ስፖርቱ እንዳለቀ ሁሉም ልጅ ልብስ ይቀይራል። ለዚህ አምስት ደቂቃ ከክፍለ ጊዜው ላይ ቀንሰናል። አዲስ ልብስ መሆን የለበትም፤ ያረጀም ቢሆን ደረቅ ይሁን።

ጓንትና ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያም ያስፈልጋል። ሙቀታችን አብዛኛው በራስ በኩል ይወጣል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ራስም እንደ ሌላው አካል በስፋቱ ልክ ነው የሚያጣው። ጆሮ ግን ቶሎ ይጎዳል። ጫማው የሚጠብ ከሆነ ሁለት ካልሲ አትደርቡበት። ደም እንደልቡ ካልተዘዋወረ እግሩ ይባስ ይቀዘቅዛል።

ውጭ የምንወጣው ቴርሞሜትር ብቻ አይተን አይደለም። ንፋሱን እናያለን። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቀን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ካለ፣ ለተጋለጠ ቆዳ ከዜሮ በታች 20 ያህል ነው። ዝናብና ንፋስ አንድ ላይ ሲመጡ ደግሞ ከዜሮ በላይ በሆነ ቀንም ሰውነት ከመጠን በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እንዲህ ባለው ቀን እንገባለን። በሌላው ቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እናሟሙቃለን፤ የቀዘቀዘ ጡንቻ በቀላሉ ይጎዳልና። ረጅም ሩጫ ስንሮጥ ፊታችንን ወደ ንፋሱ አድርገን እንጀምርና ንፋሱን ከኋላችን አድርገን እንመለሳለን። ያላበ ልጅ ፊቱን ለንፋስ እንዳይሰጥ ነው። ተራ ለመጠበቅ ዳር የሚቀመጥ ልጅም አይኖርም።

አሁን ስለ አስም። እባካችሁ ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ቀዝቃዛ አየር ደረቅ ነው። ልጅ በአፉ እያለከለከ ሲተነፍሰው የአየር ቧንቧው ይደርቅና ይጠብባል። ሳሉ ብዙ ጊዜ የሚብሰው ሲሮጥ ሳይሆን ካቆመ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት ልጁ ወደ ክፍል ገብቷል፤ የስፖርት መምህሩ አያየውም። የክፍሉ መምህር ደግሞ ጉንፋን ይመስለዋል። ስለዚህ አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ንገሩን። ኢንሄለሩ (በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት) ቤት መሳቢያ ውስጥ አይቅር፤ ኪሱ ውስጥ ወይም መምህሩ ጋ ይሁን። ሐኪሙ ከስፖርት በፊት ውሰድ ብሎት ከሆነ ሰዓቱን ጻፉልን። አፍንጫና አፉን የሚሸፍን ሻርፕ ብታደርጉለት አየሩን ያሞቅለታል፣ ያረጥብለታልም። አስም አለበት ተብሎ የማያውቅ ልጅም በብርድ በሮጠ ቁጥር ደረቱ የሚያፍነው ከሆነ ሐኪም ይየው። «ሰነፍ ነው፣ ሩጫ አይወድም» የተባሉ፣ እውነቱ ግን ትንፋሽ ያጠራቸው ልጆች አውቃለሁ።

ቅዳሜና እሁድ ከእናንተ ጋር ሲጫወቱም ዓይናችሁ አይለያቸው። መንቀጥቀጥ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ ያኔ ወደ ቤት አስገቡ። ምላሱ ከተሳሰረ፣ ከተደነቃቀፈ፣ ድንገት ዝም ካለ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ጉዳዩ ከባድ ነው። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ከቆመ «ተሻለው» አትበሉ፤ ብሶበታል። የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። ርጥቡን አውልቃችሁ በደረቅ ብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ አምቡላንስ ጥሩ።

ጣቱ፣ ጆሮው ወይም አፍንጫው ደንዝዞ ከገረጣ ወይም ሰም ከመሰለ አትሹት። እሳት ዳርም አታስጠጉት፤ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውም። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ንከሩትና ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የቀለሙ ለውጥ በደንብ ላይታይ ስለሚችል ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ። «ይሰማሃል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ውሃ መያዣውንም ላኩ። በብርድ ጥም ብዙም አይሰማም እንጂ ሰውነት ውሃ ያጣል። ትኩሳት ያለው ልጅ ስፖርት አይሠራም፤ አንዲት ወረቀት ጽፋችሁ ላኩልን፣ ያለ ምንም ጥያቄ እንቀበላለን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የጤና ቅጽ ተያይዟል። አስም፣ የልብ ሕመም ወይም በብርድ የሚነሳ ማንኛውም ችግር ካለ ሞልታችሁ እስከ መጪው ዓርብ በልጁ እጅ መልሱልን። ቅጹን ያላመጣ ልጅ አይቀጣም፤ እስኪያመጣ ድረስ ግን ቀለል ያለውን እንቅስቃሴ ብቻ ይሠራል። የልጃችሁ ጉዳይ በወረቀት የማያልቅ ከመሰላችሁ ኑና እንነጋገር። ጠዋት ተማሪዎች በሚገቡበት ሰዓት በሩ ላይ ታገኙኛላችሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር