ዝገቱን ተዉትና ስለ መርዙ ጻፉ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ መንጋጋ ቆልፍ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ በጣም ተናድጃለሁ። «የዛገ ሚስማር የወጋው ሰው ቶሎ ይታከም» ትላላችሁ። እሾህ የወጋውስ? ዶማ እግሩን የቆረጠውስ? እሱ ቤቱ ይተኛ?

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። እዚህ ከብቱም ግንባታውም ጎን ለጎን ነው። የቀን ሠራተኛው በሸበጥ ነው አርማታ የሚሞላው። ታናሽ ወንድሜን የወጋው የአጣና ስንጥር ነበር። የሄደበት ክሊኒክ «ዝገት አልነካህም፣ አታስብ» ብሎ በፋሻ ጠቅልሎ ሸኘው። ከሳምንት በኋላ አፉን መክፈት አቃተው። ተርፏል፣ ተመስገን። ግን ወገቡ ተለጥጦ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ነው ያደርኩት። ታዲያ ያንኑ «ዝገት» ጋዜጣ ላይ ሳነብ እንዴት ዝም ልበል?

መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ዝገት ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ያለው ደግሞ አፈርና እበት ውስጥ ነው። የወደቀ ሚስማር የሚያሰጋው አፈር ስለነካውና ጠልቆ ስለሚወጋ ነው። አየር የማይደርስበት ቁስል ውስጥ ባክቴሪያው ይነቃና መርዝ ያመነጫል። የሚገድለው መርዙ ነው። በነርቭ በኩል አከርካሪ ድረስ ይዘልቅና ጡንቻ እንዲላላ የሚያደርገውን መልእክት ያፍናል። ጡንቻው እንደተኮማተረ ይቀራል። ነርቭ ውስጥ አንዴ የገባውን መርዝ ደግሞ የትኛውም መርፌ አያስወጣውም።

ክትባቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፎርማሊን በሚባል ኬሚካል ጉዳት እንዳያደርስ የተደረገ ያው መርዝ ነው። ሰውነት ይለየዋል፣ መከላከያ ያዘጋጃል፣ እውነተኛው መርዝ ሲመጣ ነርቭ ጋ ሳይደርስ ይይዘዋል። የዘጊ አነዳ (ዲፍቴሪያ) ክትባትም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

እናንተ ግን ክትባቱን የሕፃናትና የእናቶች ጉዳይ ብቻ አድርጋችሁ አለፋችሁት። ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ይከተባሉ፣ ነፍሰ ጡሮችም ይከተባሉ፤ ጥሩ ነው። አርማታ የሚሸከመው ጎልማሳስ? በልጅነቱ ቢከተብ እንኳ መከላከያው ከዓመታት በኋላ ስለሚዳከም ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። በሽታው ይዞት የዳነ ሰው እንኳ መከተብ አለበት። ለመግደል የሚበቃው መርዝ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ሰውነት ከሕመሙ ብቻ መከላከያ አያበጅም። ይህንን ለወንድሜ የነገረው አልነበረም። እኔ ነኝ ጠይቄ ያስከተብኩት።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ አውጡልን። የቀን ሠራተኛው ባያነበው ካቦው ያነበዋል።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ