ስለ ክሬመር የጻፋችሁት ግማሹን ትቶታል

ስለ ሆላንዳዊው የበረዶ ስኬቲንግ ሻምፒዮን ስቬን ክሬመር ያወጣችሁት ጽሁፍ ሜዳሊያ ቆጥሮ ነው ያለቀው። በኦሎምፒክ 5,000 ሜትር 2010፣ 2014 እና 2018 በተከታታይ ወርቅ፣ እሺ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን የ2010 ቫንኩቨር ኦሎምፒኩን 10,000 ሜትር በአንድ አረፍተ ነገር ማለፋችሁ አልተዋጠልኝም። ርቀቱ እንደኛው ሩጫ 25 ዙር ነው፣ ልዩነቱ በየዙሩ የውስጥና የውጭ መስመር መቀያየር ግዴታ ነው። 8 ዙር ገደማ ሲቀረው አሰልጣኙ ኬምከርስ ተሳስቶ ወደ ውስጥ ግባ አለው፣ ገባ፣ ከሁሉም በፈጠነ ሰአት ጨርሶ መስመር በመሳቱ ተሰረዘ፣ ወርቁ ለኮሪያዊው ሊ ሰንግ ሁን ሄደ። ክሬመር ግን አሰልጣኙን አላባረረም፣ በ2014ም አብረው ነው ያሸነፉት። እኛ ጋ ቢሆን አሰልጣኙ በማግስቱ ነበር የሚሸኘው!

ይሄን የምለው ባህር ዳር ጣና ዳር ዘንባባው ስር ሮለር የሚነዱ ልጆች ስላሉ ነው፣ ጎማው በአንድ ጎን የተበላ አንድ ጫማ ለሶስት እየተቀያየሩ ከባጃጅ ጋር ይጋፋሉ፣ መስመር የሚያሳያቸው ሰው የለም። ከተማው እሁድ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰአት አንዱን የሀይቅ ዳር መንገድ ለመኪና ዘግቶ ሁለት መስመር በኖራ ያስምርላቸው፣ እናንተም ጉዳዩን ይዛችሁ ጠይቁልን።

አንባቢያችሁ፣ ከባህር ዳር