ምድጃ ብቻውን ሲታይ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለአውሮፓ ኮሚሽን

ለአውሮፓ ኮሚሽን
የመገናኛ አውታሮች፣ ይዘትና ቴክኖሎጂ ዋና ዳይሬክቶሬት
ብራስልስ

ጉዳዩ፦ በአይሁድ ሴት ጋዜጠኞች ላይ የሚካሄድ የጥላቻና የሐሰት መረጃ ዘመቻ በጥቆማ ቅጽና በቋንቋ ክፍተት እያመለጠ ስለመሆኑ

ክቡራን፣

የኢንተርኔት መድረኮች ሕገወጥ ይዘትን እንዴት እንደሚያስተናግዱ የሚወስነው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ከየካቲት 2024 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እኛ በአውሮፓ ተቀምጠን የአማርኛ ይዘት የምናጣራ የሚዲያ ሠራተኞች ነን። በሕጉ ላይ ጠብ የለንም፤ ቅሬታችን ተበዳይዋ ለመድረኩ ለመጠቆም የምትሞላው ቅጽ ላይ ነው።

ጉዳዩ የቆየ ነው። በ2016 አይሁዳዊቷ ጋዜጠኛ ጁሊያ አዮፍ በጂኪው መጽሔት ስለ ሜላኒያ ትራምፕ ከጻፈች በኋላ እየደወሉ የሂትለርን ንግግር አሰሟት፤ ፊቷን ናዚዎች አይሁዶችን በጨረሱበት በአውሽዊትዝ ካምፕ እስረኛ ምስል ላይ ለጥፈው ላኩላት። ፀረ አይሁድ ጥላቻን የሚታገለው የአሜሪካ ድርጅት አንቲ ዲፋሜሽን ሊግ እስከዚያው ዓመት ሐምሌ ድረስ ያለውን የአንድ ዓመት የትዊተር ይዘት ሲመረምር፣ በጋዜጠኞች ላይ ያነጣጠሩ 19,253 ፀረ አይሁድ መልእክቶች አገኘ። ዒላማ የሆኑት ቢያንስ 800 ጋዜጠኞች ሲሆኑ፣ 83 በመቶው መልእክት ግን በ10 ሰዎች ላይ የወረደ ነበር። ከጠቅላላው 68 በመቶው የወጣውም ከ1,600 አካውንቶች ነው። ላኪው ጥቂት፣ ተቀባዩ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ማለት ነው። በ2020 መጨረሻ ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የጋዜጠኞች ማዕከል ባካሄዱት የዳሰሳ ጥናት የኦንላይን ጥቃት ደርሶብናል ያሉት ነጭ ሴት ጋዜጠኞች 64 በመቶ ሲሆኑ፣ አይሁድ ነን ካሉት መካከል ግን 88 በመቶ ደርሰዋል።

አሁን ወደ ቅጹ። የዲጂታል አገልግሎቶች ሕጉ አንቀጽ 16 ጥቆማ አራት ነገሮችን እንዲይዝ ይፈልጋል፦ ይዘቱ ለምን ሕገወጥ እንደሆነ ማብራሪያ፣ ትክክለኛ ሊንክ፣ የጠቋሚው ስምና ኢሜይል፣ በቅን ልቦና የቀረበ ስለመሆኑ ማረጋገጫ። መድረኮች ይህን በተግባር ሲያውሉት ለእያንዳንዱ ፖስት አንድ ቅጽ ይሆናል። ዘመቻው ግን እንዲህ ይሠራል። አንዱ የምድጃ ፎቶ ብቻ ይልክላታል። ሁለተኛው «88» ብሎ ይጽፋል፤ በላቲን ፊደል ስምንተኛው ኤች ስለሆነ የሂትለር ሰላምታ ምሕጻር ነው። ሦስተኛው አይሁድ መሆኗን ለመጠቆም ስሟን በሦስት በሦስት ቅንፍ ይከባል፤ መፈለጊያዎች ሥርዓተ ነጥብን ስለሚዘሉት በፍለጋ አይገኝም። አራተኛው «ወጥ ቤትሽ ግቢ» ይላታል። ታሪኩን የሚያውቅ ገምጋሚ ምድጃው ናዚዎች የገደሏቸውን አይሁዶች አስከሬን ያቃጠሉበትን እንደሚያስታውስ አይጠፋውም። በደቂቃ ብዙ ፖስት የሚያሳልፈው ግን የወጥ ቤት ዕቃ አይቶ ደንብ አልተጣሰም ብሎ ይዘጋዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ መድረኩ ድሩን አንድ በአንድ እየመዘዘ ይህ ክር ማንንም አያስርም እያለ ነው።

አንቀጽ 23 ነገሩን ያባብሰዋል። ሕገወጥ ይዘት አዘውትሮ የሚለጥፍ አካውንት ይታገዳል፤ 400 አካውንቶች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፖስት ከለጠፉ ግን «አዘውታሪ» የሚባል የለም። በዚያው አንቀጽ፣ መሠረት የሌለው ጥቆማ የሚያበዛ ሰው ጥቆማው መታየቱ ሊቆም ይችላል። 400 ጊዜ ጠቁማ 390 ጊዜ ውድቅ የተደረገባት ጋዜጠኛ ከሰዳቢዎቿ ይልቅ ለዚህ ቅጣት ትቀርባለች።

የኅብረቱ ሌላ ሕግ ግን ነገሩን በሚገባ ተረድቶታል። በግንቦት 2024 የወጣው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተው መመሪያ (ቁጥር 2024/1385)፣ በአንቀጽ 7 ከሌሎች ጋር ሆኖ በኢንተርኔት በአደባባይ መዛትንና መሳደብን፣ ከባድ የሥነ ልቦና ጉዳት የሚያደርስ ሲሆን፣ ወንጀል ያደርገዋል። ተበዳይዋ በጋዜጠኝነቷ ምክንያት ከተጠቃችም ይህን ቅጣት ማክበጃ ብሎ ዘርዝሮታል። አባል አገሮች እስከ ሰኔ 14 ቀን 2027 በሕጋቸው ማስገባት አለባቸው። ለወንጀል ሕጉ አንድ ድርጊት የሆነው ለጥቆማ ቅጹ 400 ተራ ስድብ ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ ኮሚሽኑ ለመድረኮቹ በሚያወጣው መመሪያ የጥቅል ጥቆማ እንዲፈቅድ እንጠይቃለን፦ በአንድ ማኅደር ብዙ ሊንክ፣ ዘመቻውን የከፈተው ፖስት ተለይቶ፣ ሰዓቱ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር፣ እና የአካውንቱ ቋሚ የቁጥር መለያ። የመጨረሻውን አደራ እንላለን። የተጠቃሚ ስም በሴኮንድ ይቀየራል፤ የቁጥር መለያው አይቀየርም። ማኅደሩን በጋዜጠኛዋ ምትክ የዝግጅት ክፍሏ ቢያስገባ መልካም ነው፤ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕጉ አንቀጽ 17 እጅግ አስፈላጊ ሲሆን የጠቋሚውን ማንነት ለለጣፊው መግለጽ ስለሚፈቅድ ብዙዎች ፈርተው ይተዉታል። ፖስቱ ሲነሳም ቅጂው ለፖሊስ ይቀመጥ። ዛሬ ጥቆማዋ የተሳካላት ጋዜጠኛ ክስ ለመመሥረት ስትሄድ በእጇ የሚቀረው ስክሪን ሾት ብቻ ነው፤ ስክሪን ሾት ደግሞ ማንም በስልኩ ይሠራዋል።

የሐሰት መረጃው የሚመጣውም በዚሁ በስክሪን ሾት ነው። ጋዜጠኛዋ ያላለችው ነገር በስሟና በፎቶዋ ተሠርቶ ይሰራጫል። ሊንክ የለውም፤ ገጿ ላይ ቢፈለግ አይገኝም፤ «ፈርታ ሰርዛዋለች» የሚል መግለጫ ከሥሩ ይጻፋል። አለመገኘቱ ራሱ ማስረጃ ይደረጋል። ይህን ዓይነቱን የፈጠራ ጥቅስ በአማርኛ ማሰራጨት ቀላል ነው፤ ያው ፎቶ ይቆምና ድምፅ ይተረክበታል። ውንጀላው በድምፁ ውስጥ እንጂ በጽሑፍ ስለሌለ በቃል የሚሠራ ማጣሪያ አያየውም።

በጽሑፍ ሲሆንም አይሻልም። «አይሁድ» የሚለው ስም በአራቱ አ ኣ ዐ ዓ እና በሦስቱ ሁ ሑ ኁ ሲጻፍ 12 መልክ ይኖረዋል። ከፊቱ የ፣ በ፣ ከ፣ ለ ሲቀጠልበት፣ ከኋላው «ኦች»ና «ን» ሲታከልበት፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ስንት እንደሚሆን እናንተው አስሉት። አንዱን አጻጻፍ ብቻ የያዘ የቃላት ዝርዝር ከሌለ አይሻልም። መጀመሪያ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ መመለስ፣ ቀጥሎ ቅጥያውን መንቀል፣ ከዚያ መፈለግ ነው ሥራው። ለዚህ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ሰው አለ ወይ? የዚሁ ሕግ አንቀጽ 42 ግዙፎቹ መድረኮች የይዘት ገምጋሚዎቻቸውን በኅብረቱ አባል አገሮች ይፋዊ ቋንቋዎች ከፋፍለው እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ሠንጠረዡ 24 ቋንቋ ነው፤ ማልትኛ አለበት። አማርኛ፣ ትግርኛና ዐረብኛ ግን በየከተሞቻችሁ ቢነገሩም በሕጉ ግዴታ ውስጥ የሉም። ሕጉ ሳይነካ መፍትሔ አለ፦ አንቀጽ 34 የአደጋ ግምገማ የቋንቋን ልዩ ሁኔታ ከግምት እንዲያስገባ ያዛል። በዚህ መሠረት በአማርኛና በትግርኛ ስንት ሰው እንደሚገመግም በሚቀጥለው ግምገማ እንዲጻፍ ጠይቁ። ዜሮ ከሆነም ዜሮ ተብሎ ይጻፍ።

አንባቢዎቻችን በብዛት ያሉበት ቴሌግራም በኅብረቱ ውስጥ ያለኝ ተጠቃሚ ከ45 ሚሊዮን በታች ነው ስላለ ከአንቀጽ 34 እና 42 ግዴታዎች ውጭ ነው። አንቀጽ 16 ግን ይመለከተዋል።

አንድ ነገር እንዳይዛባብን። የእስራኤልን መንግሥት ወይም ጦር መተቸት ፀረ አይሁድ ጥላቻ አይደለም፤ በዚህ ስም ትችት እንዲነሳ አንጠይቅም። ራሳቸው አይሁድ ሴት ጋዜጠኞች እስራኤልን ሲተቹ «ከሃዲ» ይባላሉ፣ ሳይተቹ ሲቀሩ «ቅጥረኛ»። የጥቅል ጥቆማው ሁለቱንም ዘመቻ በአንድ ሚዛን ማስተናገድ አለበት። በዝግጅት ክፍልም በኩል የእኛ ሙያ ድርሻ አለበት፤ አንድ ጦር የፈጸመውን «አይሁዶች ፈጸሙ» ብሎ ርዕስ የሚሰጥ አዘጋጅ ለእንዲህ ያለው ዘመቻ ነዳጅ ያቀብላል።

የጥቅል ጥቆማውንና የቋንቋ ሠንጠረዡን በተመለከተ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
በአውሮፓ የሚኖሩ የአማርኛ ጋዜጠኞችና ይዘት አጣሪዎች

ግልባጭ፦
በኮሚሽኑ ፀረ አይሁድ ጥላቻን ለመዋጋት ለተቋቋመው የአስተባባሪ ቢሮ
በአየርላንድ፣ በጀርመንና በቤልጂየም ለሚገኙ የዲጂታል አገልግሎቶች አስተባባሪ መሥሪያ ቤቶች