እርሾ የተበደርኩ ዕለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጋዜጣችሁን ለዓመታት አንብቤያለሁ፣ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የሃይማኖት ገጻችሁን አንድም ቀን አላልፈውም። የበዓላትን ታሪክ ታወጣላችሁ፤ ደስ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጭቅጭቅ ሲነሳ ደግሞ እሱን ታወጣላችሁ፤ እሱም ዜና ነውና አልቃወምም። ግን አንድ ነገር ሁሌ ይጎድልብኛል። ሰው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ሥራው ላይ ሆኖ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ልጁን አዝሎ፣ እምነቱን እንዴት እንደሚኖረው የሚናገር ጽሑፍ አላይም። እስቲ የራሴን ልንገራቸው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እኔ እንጀራ ጋግሬ የምሸጥ ሴት ነኝ። የምኖረው ጉለሌ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ሁለት ልጆቼን የማሳድገው በዚችው ምጣድ ነው። መብራት ካለ ሌሊት ተነስቼ እጋግራለሁ፣ ጠዋት ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለሰፈር ሰው አደርሳለሁ።

ያለፈው ሁዳዴ፣ አንድ ሐሙስ ማታ ነው። ትልቋ ልጄ ልታግዘኝ ብላ ዕቃ ስታጥብ የቡሆውን ባልዲ ከነቅሪቱ ደፍታ አጠበችው። እርሾዬ ሄደ። ገና 11 ዓመቷ ነው፣ ቆሻሻ ውሃ መስሏት ነው። የማይጋግር ሰው ይሄ ምን ችግር አለው ሊል ይችላል። ዱቄት ካለቀ ወፍጮ ቤት ይኬዳል፤ እርሾ ግን ሱቅ ገብታችሁ የምትገዙት ነገር አይደለም። ካለፈው ቡሆ የሚተርፍ ነው፣ ያለፈውም ከዚያ በፊት ከነበረው፣ እያለ እያለ ከእናት ቤት የመጣ ነው። የእኔንም እናቴ ናት ከሰላሌ በጠርሙስ የላከችልኝ። ያለ እርሾ ማቡካት አይቻልም አልልም። ግን ቀኑ ይረዝማል፣ ጣዕሙም እንደለመዱት አይሆንም፣ ደንበኛ ደግሞ አይጠብቅም።

ስለዚህ ጣሳ ይዤ ወጣሁ። አንዷ ጎረቤቴ መጋገር ከተወች ቆይታለች፣ አሁን ገዝታ ነው የምትበላው። ሌላዋ አገር ቤት ሄዳለች። የቀረችው አጥር የምንጋራት ሴት ናት። ከእሷ ጋር ደግሞ ከተኳረፍን ዓመት ከመንፈቅ አልፎን ነበር። የጠባችን መነሻ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ገመድ! ከገመድ ተነስቶ ልጆቻችን አብረው መጫወት እስኪያቆሙ ድረስ ደረሰ። በየእሑዱ አንድ ደጀ ሰላም እንሳለማለን፣ ከዚያ እሷ በዚህ እኔ በዚያ እንሄዳለን።

በሯ ላይ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። በልቤ ይመላለስ የነበረው ያ የጌታ ቃል ነው፤ መባህን ይዘህ መሠዊያው ጋ ስትደርስ ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር እንዳለ ብታስብ፣ መባህን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ የሚለው። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ስንት ጊዜስ አለቀስኩ ብዬ ቤቴ ስገባ ረስቼዋለሁ። ያን ማታ ግን ባዶ ጣሳ ይዤ ስቆም የተነገረው ለእኔ መሰለኝ።

አንኳኳሁ። ከፈተች። እኔን አየች፣ ጣሳውን አየች። አንድም ቃል ሳትጠይቀኝ ጣሳውን ከእጄ ተቀብላ ገባች። ስትመለስ እስከ አፉ ሞልታዋለች። «ከሥር ያለውን፣ ወፍራሙን ነው የቀዳሁልሽ» አለችኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልል አፌን ስከፍት «ምን ታመሰግኚኛለሽ፣ ያንቺው እኮ ነው» አለች። አልገባኝም። «እዚህ ሰፈር የገባሁ ሰሞን አንቺ አይደለሽ እንዴ የሰጠሽኝ? እስከ ዛሬ ያንኑ ነው የማቦካው።»

እኔ ረስቼዋለሁ። እሷ ግን ያ ሁሉ ኩርፊያ ሳለ፣ በየሳምንቱ፣ የእናቴን እርሾ እያቦካች ትጋግር ነበር። ለራሴ ያስቀመጥኩት ተደፋ፤ ሰጥቼ የረሳሁት ቆይቶ ጠበቀኝ። በሯ ላይ ቆመን ተላቀስን። ገመዱን አንዳችንም አላነሳነውም።

በማግስቱ ሳቦካ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ቁጥር 33 መጣብኝ። «መንግሥተ ሰማያት ሁሉ እስኪቦካ ድረስ ሴት ወስዳ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት የሸሸገችውን እርሾ ትመስላለች።» ይህንን ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት ሸምድጄዋለሁ። «የሸሸገችውን» የሚለው ቃል የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። እርሾ ዱቄት ውስጥ ከገባ በኋላ ብትፈልጉት አታገኙትም። ዛሬ አቡክታችሁ ዛሬ ብታዩት ያው ሊጥ ነው፣ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ውሃው ከላይ ይሆናል፣ ሽታው ይለወጣል። አጥር ማዶም እንዲሁ ነበር፤ እኔ ሞቷል ያልኩት ነገር እዚያ ተሸሽጎ ሥራውን ይሠራ ነበር።

ሦስት መስፈሪያ የሚለውንም ልብ በሉልኝ። አብርሃም ሦስቱ እንግዶች በመምሬ ዛፍ ሥር ሲመጡበት ወደ ድንኳን ሮጦ ገብቶ ሣራን ለውሺ ያላት ዱቄት ሦስት መስፈሪያ ነው፤ እንጎቻ አድርጊ ነው ያላት። ሦስት መስፈሪያ ለአንድ ቤት ራት አይደለም፣ የድግስ ነው። ኤልያስም የሰራፕታዋን መበለት መጀመሪያ ለእኔ ትንሽ እንጎቻ ጋግሪልኝ ነው ያላት። እኛ ቤት እንጎቻ ማለት መጨረሻ ላይ በተረፈችው ሊጥ ምጣድ ሥር ለሚቁለጨለጭ ልጅ የምትጋገረዋ ትንሿ ናት። ያቺ ሴት ዱቄቷ ሊያልቅ አንድ እፍኝ ሲቀራት፣ የራሷ ልጅ አጠገቧ ቆሞ እያየ፣ የልጁን እንጎቻ ለእንግዳ አስቀደመች። ይህን ታሪክ ባለቤቴ ካረፈ በኋላ እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልኩም።

አብሲት ደግሞ አለ። የማትጋግሩ ካላችሁ፣ አብሲት ማለት ከቦካው ቡሆ ትንሽ ተቀንሶ፣ በፈላ ውሃ እሳት ላይ በስሎ፣ ተመልሶ እዚያው ቡሆ ውስጥ የሚጨመረው ነው። ከዚያ በኋላ ነው ኩፍ የሚለው። አብሲት ያልተጣለበት እንጀራ ዐይን አያወጣም። ከዚያው ሊጥ ተወስዶ፣ እሳት ቀምሶ፣ ተመልሶ ሌላውን የሚያነሳው እሱ ነው። ባለቤቴን ቀብሬ ስመለስ የምትናገረኝ ቃል ያላጣችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ከእኔ አራት ዓመት ቀድማ ባሏን የቀበረች ናት። አብሲት በጣልኩ ቁጥር እሷን አስታውሳለሁ።

ይህ ደግሞ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአገራችን ሰው በዚህ መንገድ ነው ሲማር የኖረው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ያን ሁሉ ዜማ ከመድረሱ በፊት ትምህርት አልገባው ብሎ፣ በአጎቱ በአባ ጌዴዎን ተገርፎ፣ ተስፋ ቆርጦ ሸሽቶ ነበር። ዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንዲት ትል ግንዱን ልትወጣ ስትሞክር ትወድቃለች፣ ትሞክራለች፣ ትወድቃለች። በሰባተኛው ወጣች። እሱም ተነስቶ ወደ አስተማሪው ተመለሰ። የዛፍ ትል ናት መምህሩ የሆነችው! ሊቃውንቱስ ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩን ፀሐይን አይደል የሚያሳዩን፣ ክበቧን፣ ብርሃኗን፣ ሙቀቷን። ምሥጢረ ሥጋዌን ሲያስረዱ የጋለ ብረት ያመጣሉ፤ ብረቱ ብረትነቱን ሳይተው እሳቱም እሳትነቱን ሳይተው አንድ ሲሆኑ። ያን ቀጥቃጭ ቤት ሄዶ ማየት ይቻላል።

ጌታም ራሱ እንዲሁ ነው ያስተማረው። የሰናፍጭ ቅንጣት አለ፤ በጾም ስልጆ ስሠራ ጣቴ ላይ ትጣበቃለች፣ ለማየት እንኳ ታስቸግራለች። አንድ ድሪም ጠፍቶባት መብራት አብርታ ቤቷን የጠረገች ሴት አለች። ከትንሣኤው በኋላ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲለፉ ላደሩት ደቀ መዛሙርት በባሕሩ ዳር ከሰል አቀጣጥሎ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ሞትን ያሸነፈው ጌታ እሳት አያይዞ ቁርስ ሠራ። እኔ ጭስ ውስጥ ያደግሁ ሴት ነኝና ይህን ሳነብ ሁሌም ልቤ ይሞላል። አባቶቻችን ወደ አማርኛ ሲመልሱት «የሕይወት እንጀራ እኔ ነኝ» ብለው ጻፉልን። እንጀራ ነው ያሉት፣ ጠዋት ማታ እጄ ላይ ያለውን።

ግን አንድ ነገር ሳልናገር ብዘጋው ደብዳቤዬ ጎዶሎ ይሆናል። ከኑሮ መማር ሌላ ነው፣ የሰውን መከራ መተርጎም ሌላ ነው። ባለቤቴ ባረፈ በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ቤት አጠገቤ ቁጭ ብላ «እግዚአብሔር አንድ ነገር ሊያስተምርሽ ፈልጎ ነው» ያለችኝ ሴት ነበረች። ክፋት የላትም፣ ልታጽናናኝ ነው። ያ ቃል ግን ከሐዘኑ በላይ ለወራት ጎዳኝ። እኔ እንድማር የልጆቼ አባት መሞት ነበረበት? ታክሲ አምልጦኝ ተገለበጠ፣ እግዚአብሔር አተረፈኝ የሚል ምስክርነትም እሰማለሁ። ተመስገን ማለቱ ተገቢ ነው። ታክሲው ውስጥ የነበሩትስ? እነሱም እናት አላቸው። ጌታ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቆ፣ አይደለም ነው ያለው። እዚያው ቆርጦታል።

ስለዚህ ልጄ እርሾዬን የደፋችው እግዚአብሔር ሊያስታርቀን ፈልጎ ነው አልልም። ልጅ ናት፣ አላወቀችም፣ ደፋችው። ባዶ ጣሳ ይዤ ስቀር ግን የት መሄድ እንዳለብኝ ቃሉ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ይህ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነው። ከእርሾው የምማረው ለራሴ ነው፤ በሌላ ሰው ለቅሶ ላይ ግን ቁጭ ብዬ እጁን ይዤ ዝም እላለሁ እንጂ ትርጉም አልሰጥም።

ብዙዎቻችን አሁን ስንጋግር ጆሯችን ላይ የስልክ ስብከት ሰክተን ነው። እኔም አደርገዋለሁ፣ ጥሩ ነው። ግን ሰባኪው ስለ እርሾ እየተናገረ፣ እጃችን እርሾው ውስጥ ሆኖ፣ ሳናየው እናልፋለን።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። በሃይማኖት ገጻችሁ ላይ አንዲት ትንሽ ቦታ ስጡን። ሰፊ አያስፈልግም። ግንበኛው ስለ መሠረት ይጻፍ፤ በዓለት ላይ ስለተሠራው ቤት ከእሱ የተሻለ ማን ይነግረናል? የሌሊት ዘበኛው ይጻፍ፤ ዳዊት ንጋትን ከሚጠብቁ ይልቅ ነፍሴ እግዚአብሔርን ትጠብቃለች ያለውን እሱ በአጥንቱ ያውቀዋል። መጻፍ የማይችሉ ካሉ አንድ ሰው ላኩና ይናገሩ፣ እሱ ይጻፍላቸው። ብዙ የሰማ ጆሮና ብዙ ያየ ዐይን ሰፈር ውስጥ አለ፣ የጠየቀው ሰው ግን የለም።

ይህን የምጽፈው ሌሊት ነው። መብራት ጠፍቶ በሻማ እየጠበቅሁ ነበር፣ አሁን መጣ። ቡሆው ኩፍ ብሏል፣ ምጣዱን ልሰካ። ጎረቤቴም ተነስታለች፤ ከአጥሩ ማዶ አክንባሎዋን ስታነሳ ይሰማኛል።

አክባሪያችሁ
እንጀራ ጋጋሪዋ አንባቢያችሁ፣ ከጉለሌ